መስታወቱ ላይ የተጣለው ጋቢ

ሸጋዬ መስታወት ትፈራ ነበር። በእርጅና የመጣባት ፍርሃት አይደለም፤ በዘጠኝ ዓመቷ የገባባት ነው። ቤቷ ውስጥ መስታወት ተሰቅሎ አያውቅም። ልጇ አይናለም ስትዳር እንኳ የተኳለችው ጎረቤት ቤት ሄዳ ነው። ሰው ሲጠይቃት፣ «ፊቴን አይቼ ምን ላደርገው፤ ማርጀቴን እንደሁ ሰው ይነግረኛል» ብላ በሳቅ ታልፈዋለች።

የተወለደችው ደጋ ዳሞት፣ ከፈረስ ቤት ወጣ ብሎ ካለ መንደር ነው። ያ አገር የመብረቅ አገር ነው። ክረምት ሲገባ ሰማዩ ዝቅ ብሎ ጣሪያ ላይ የተቀመጠ ይመስላል። በእነሱ ዘንድ ሰማይ ማጉረምረም ሲጀምር የሚያብረቀርቅ ነገር ሁሉ ይሸፈናል። ማጭዱ ሣር ውስጥ ይገባል፤ የቆርቆሮው ባልዲ ይደፋል፤ መስታወት ያለው ሰው መስታወቱን ጨርቅ ያለብሰዋል። መብረቅ መልኩን ማየት ይወዳል ይላሉ። መልኩን ያየበትን ቤት ሳይገባ አያልፍም።

አባቷ ከገበያ መዳፍ የምታህል መስታወት ገዝቶላት ነበር። አንድ የሐምሌ ቀን ከሰዓት በኋላ ታላቅ ወንድሟ ባምላኩ ከበረት ተመልሶ ደጃፉ ላይ ቆመና፣ «ሸፍኛት አንቺ፣ መጣ» አላት። «እሺ» አለችው። አልሸፈነቻትም። የግራ ዓይኗን ሽፋሽፍት እየቆጠረች ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለውን ነጭ ብርሃን እንጂ ድምፁን አታስታውሰውም። ባምላኩ ደጃፉን ተደግፎ፣ የደከመው ሰው እንደሚቀመጥ ተቀምጦ ቀረ። ቤቱን የሞላው ሽታ ግን ዕድሜ ልኳን ተከተላት። የጭስ ሽታ አይደለም። ቀዝቃዛ፣ ስል፣ አፍንጫን የሚወጋ ሽታ ነው። ንጹሕ ሽታ ነው። የሚያስፈራውም ንጹሕነቱ ነው።

እናቷ መስታወቱን ወስዳ ጓሮ ቀበረችው። እስክትሞት ድረስ አንድ ቀንም «አንቺ ነሽ» አላለቻትም። ሸጋዬ ያንን ቃል ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠብቀው ኖረች።

በአሥራ አምስት ዓመቷ ወደ ወይና ደጋው ወርዳ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል፣ ከአውራ ጎዳናው የአንድ ሰዓት መንገድ ገባ ብሎ ካለ መንደር ተዳረች። ባሏ ወባ በጠናበት ዓመት ሞተባት። ከእሱ የቀሯት አይናለምና አንድ ወፍራም ጋቢ ናቸው። መንደሩ «ዋርካ ውሃ» ከሚባል ምንጭ ይጠጣል። የውሃው ኮሚቴ የምንጩን ዙሪያ ሲያጥር ሸጋዬን ጠባቂ አደረጋት፤ ሴትዮዋ እንቅልፍ የላትም፣ አፏም አይፈራም ተብሎ። በሩን ማለዳ ትከፍታለች፣ ሲመሽ ትዘጋለች፤ በመሐል ጀሪካን ለተጋፉ ሴቶች ትፈርዳለች።

እንቁራሪቶቹ ዝም ያሉበትን ዓመት በውል የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ከምንጩ በታች ረግረግ አለ፤ ክረምት በገባ ቁጥር እንቁራሪቱ ሲንጫጫ ከሰው ጋር ለመነጋገር መጮህ ያስፈልግ ነበር። በ2004 ዓ.ም. ክረምት ቀነሰ። በተከታዩ ዓመት አንድም አልነበረም። በዚያው ዓመት ከረግረጉ የጠጡ ሁለት ጥጆች ወደቁ። አይናለምም ለሁለተኛ ጊዜ የሞተ ልጅ ወለደች። የመጀመሪያውን ሰው ሁሉ የእግዜር ሥራ ነው ብሎ ነበር። ሁለተኛውን ሸጋዬ በእጇ ገንዛ ስትመለስ ረግረጉ አጠገብ ቆመች፤ ዝምታውንም አዳመጠች። ልቧ ሁለቱን ነገር አንድ ላይ አሰረው።

ያ አገር የበርበሬ አገር ነው። በርበሬ ደግሞ ትል ይወዳል። ገበሬው ሁሉ ጀርባው ላይ የሚያዝለው የመርጫ ፓምፕ ገዝቷል። የሚረጨውን ነገር መድኃኒት ይለዋል። ፓምፑን የሚሞላውም የሚያለቀልቀውም ከምንጩ በላይ ካለው ቦይ ነው። የአይናለም ባል ቢሆነኝ ከሁሉም በላይ ይረጫል፤ በርበሬውም ከሁሉም ይበልጥ ያምራል።

«ቢሆነኝ፣ ያንን ነገር ወዲያ ራቅ አድርገህ ብታጥበው» አለችው አንድ ቀን።

«እማማ፣ መድኃኒቱ ለትሉ ነው እንጂ ለሰው አይደለም። እርስዎ ደግሞ ጥላዎንም ይፈራሉ።»

«ጥላዬ የልጅ ልጅ አልበላብኝም።»

ቢሆነኝ ፓምፑን አንሥቶ ሄደ። በማግሥቱም እዚያው ቦይ ዳር አየችው።

ቴዎፍሎስ የመጣው በ2006 ዓ.ም. ነው። የዱርቤቴ ልጅ ነው፤ ባሕር ዳር ሁለተኛ ዲግሪውን ይማር ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገር ዓይኑን መሬት ላይ የሚተክል ወጣት ነው። በጋ ላይ ውሃውን በጠርሙስ ቀድቶ ወሰደ። ተመልሶ መጥቶ ለኮሚቴው ውሃው ውስጥ የበርበሬ መድኃኒት እንዳለ ነገራቸው። ልጅ በሆድ የገደለው፣ ጥጃ የጣለው ይኸው ነው ብሎ ግን አልማለም፤ «ሊሆን ይችላል» ብቻ አለ። ሰኔ ሲገባ በአይሱዙ ዕቃ ጭኖ መጣና ሁለት ቀን ሲገጣጥም ሰነበተ።

ዕቃው ሦስት ነገር ነው። እንጨት ላይ ከፍ ብሎ የተሰቀለ፣ ከፀሐይ ኃይል የሚሰበስብ ጥቁር ሰሌዳ። ከሰሌዳው ሥር ባትሪ ያለው ሳጥን፤ ከሳጥኑ የሚወጣው አየር በቀጭን ቱቦ ውሃው ውስጥ ይንተከተካል። በመጨረሻም በትንሹ ያዘነበሉ፣ በመስታወት የተከደኑ ሦስት ሰፋፊ ገበታዎች፤ የገበታዎቹ ወለል ነጭ ዱቄት የተቀባ ነው። ውሃው ከሳጥኑ ወጥቶ በመስታወቱ ሥር በዱቄቱ ላይ ቀስ እያለ ይወርድና አንድ በርሜል ውስጥ ይጠራቀማል። በቀን የሚወጣው ስድስት ጀሪካን ብቻ ነው። ስለዚህ ለነፍሰ ጡሮችና ሕፃን ላላቸው ይሁን ተባለ። አይናለም ያኔ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች።

ቴዎፍሎስ ሳጥኑን የከፈተ ዕለት ወንዶቹ ከበውት ነበር። ሸጋዬ ከኋላ ቆማለች። ውሃው መንተክተክ ሲጀምር ያ ሽታ መጣ። ቀዝቃዛው፣ ስሉ፣ ንጹሑ። አጥሩን አጥብቃ ያዘች።

«እማማ ሸጋዬ፣ ሸተተዎት?» አለ ቴዎፍሎስ ሊያጫውታት ፈልጎ። «ኦዞን ይባላል። መብረቅ ሲመታ የሚሸት ነገር ነው። ከመብረቁ ሰርቀን ሳጥን ውስጥ አስገባነው።»

«ባለቤቱ ሳይመጣ መልሱት» አለ አንዱ ገበሬ። ሁሉም ሳቁ። ሸጋዬም አብራ ሳቀች፤ አጥሩን ግን አልለቀቀችም።

ስለ ነጭ ዱቄቱ ቴዎፍሎስ ለኮሚቴው ትምህርት ቤት ውስጥ ሰሌዳ ላይ እየጻፈ አስረድቷል። ዱቄቱ ብቻውን ሲሆን ከድንጋይ እንደማይሻል፣ ብርሃን ሲነካው ግን ነቅቶ መርዙን እንደሚበጣጥስ፣ ኦዞኑ የጀመረውን እሱ እንደሚጨርስ ነግሯቸዋል። በዚያ ሰዓት ሸጋዬ ምንጩ ዘንድ በር ትጠብቅ ነበር። ለእሷ የነገራት ሌላ ነው። ላይ የተሰቀለውን ሰሌዳ እያሳየ፣ «ይህ ፀሐይ የሚበላው ነው፤ ጥላ እንዳያርፍበት» አላት። ገበታዎቹን እያሳየ ደግሞ፣ «ይህን አደራ። እንዳይሰበር፣ ከብት እንዳይደርስበት። ጠዋት ጠዋት ይጥረጉት» አላት። እሷም እንደ ነገራት ያዘችው። ፀሐዩ ለላይኛው ነው፤ የታችኛው አደራ ነው።

የመጀመሪያው ነጎድጓድ የመጣው በሰኔ ማርያም ነው። ደመናው ከደጋው በኩል፣ ከትውልድ አገሯ እየጠቆረ ወረደ። ሸጋዬ ምንጩ አጠገብ ባለችው የጥበቃ ጎጆዋ ውስጥ ሆና ገበታዎቹን አየቻቸው። ሦስት መስታወት ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጎ ያብረቀርቃል፤ ከሥሩ ያ ሽታ ይወጣል። ሰዎቹ መብረቁን ሰርቀው አምጥተው፣ መልኩን የሚያይበትን መስታወት ደግሞ አንጥፈውለታል። በበሩ ሁለት እርጉዝ ሴቶች ጀሪካን ይዘው ቆመዋል። «ሸፍኛት አንቺ፣ መጣ» የሚለው ድምፅ ከአርባ ዓመት ወዲያ ጆሮዋ ላይ ጮኸ። የባሏን ጋቢ ነጥቃ ሮጠች። ዘርግታ ሦስቱንም ገበታ ከዳር እስከ ዳር አለበሰቻቸው፤ አራቱን ማዕዘን ድንጋይ ጫነችበት።

መብረቁ ከወንዙ ማዶ ወደቀ። ያን ዕለት እንቅልፍ ወሰዳት።

ከዚያ በኋላ መጀመሪያ ሲያጉረመርም ትሸፍን ነበር፤ ቆይታ ሲደምን፤ ሐምሌ ሲጋመስ ደግሞ ማለዳ መስታወቱን ወልውላ ወዲያው ታለብሰው ጀመር። ክረምት ነው፤ የማይደምን ቀን የት አለ? ጋቢው በዝናብ ሲርስ ጨምቃ መልሳ ትጥለዋለች። የመጣ ሰው ሁሉ ያየዋል፤ ማንም ነውር አላለም። ከኮሚቴውም ቢሆን የቴዎፍሎስን ትምህርት የሰማው ወይ ረስቶታል፣ ወይ በሐምሌ ፀሐይ ምን አላት ብሎ ትቶታል። ጎረቤቷ ሀብትነሽ ብቻ ቀለደችባት።

«ባልሽን በሕይወቱ እንዲህ አልብሰሽው ታውቂ ነበር?»

«እሱ አያብረቀርቅም ነበር» አለቻት ሸጋዬ።

ቴዎፍሎስ በየአሥራ አምስት ቀኑ ፍኖተ ሰላም አድሮ በኪራይ ሞተር ብስክሌት ይመጣል። የሚደርሰው ማለዳ፣ መስታወቱን በምትወለውልበት ሰዓት ነው። ከበርሜሉ በጠርሙስ ቀድቶ፣ ደብተሩ ላይ ጽፎ፣ መንገዱ ሳይጨቀይ ይመለሳል። አንድም ቀን ጋቢውን አላየም። እሷም ልትደብቀው ብላ አይደለም፤ ዝናብ ሲመጣ በር እንደሚዘጋ ሁሉ የሚነገር ነገር ነው ብላ አላሰበችውም።

ነሐሴ የመድኃኒቱ ወር ነው። ገበሬው ሁሉ ይረጫል፤ ዝናቡም የተረጨውን አጥቦ ወደ ምንጩ ያወርደዋል። በዚያ ወር ሸጋዬ ለልጇ በየቀኑ አንድ ጀሪካን ከበርሜሉ በራሷ ጀርባ ተሸክማ ወሰደችላት። «ከዚህ ሌላ ጠብታ እንዳትቀምሺ» ትላት ነበር። አይናለም እንደ ታዘዘችው ጠጣች።

አዲስ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት ቴዎፍሎስ ከወትሮው ረፍዶ መጣ። ዕለቱ ብራ ስለ ነበር ገበታው አልተሸፈነም፤ ጋቢው ሸጋዬ ጭን ላይ ነበር። ሊቀዳ ጠርሙስ አላወጣም። ከጎኗ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።

«እማማ፣ ይህ ነገር አልሠራም» አለ። «ከመስቀል በኋላ ነቅዬ እወስደዋለሁ።»

«ምን ማለትህ ነው፣ ልጄ?»

«በሰኔ መጀመሪያ የወሰድሁት ንጹሕ ነበር። ከሰኔ መጨረሻ ወዲህ ያለው ግን መርዙ አለበት። በነሐሴ ብሷል። ዱቄቱን ሦስት ጊዜ መረመርሁት፤ ደህና ነው። መምህሬ ተወው ብሎኛል።» ጠጠር አንሥቶ ወረወረ። «የሚገርመኝ፣ ልክ ጨለማ ውስጥ እንዳለ ነው የሆነው። ብርሃን ያላየ ይመስል።»

ሸጋዬ ወደ ላይ ወደ ተሰቀለው ጥቁር ሰሌዳ አየች። «ፀሐዩ ለዚያ አልነበረም?»

«ለሁለቱም ነው እንጂ። ያ ለሳጥኑ ይሰበስባል። ዱቄቱ ግን ራሱ ፀሐይ ካላየ ምን ዋጋ አለው? ኖራ ማለት ነው።»

እጇ ጭኗ ላይ ባለው ጋቢ ውስጥ ገባ። ቴዎፍሎስ የሷን ፊት አላየም፤ እንደ ልማዱ መሬት መሬት ያይ ነበር። «የወጣውን ውሃ ለሴቶቹ አይስጡ። እኔም ነገ ጠዋት ወደ ባሕር ዳር ነኝ» ብሎ ተነሣ። ሞተሩን ሲያስነሣ «ቆይ» ልትለው ተነሣች። ጋቢውን ጉያዋ ውስጥ ደብቃ እስኪርቅ ቆመች።

ወደ ልጇ ቤት እንዴት እንደ ደረሰች አታውቀውም። በሩ ሥር የቆመውን ጀሪካን አንሥታ ከነሙሉው ደጅ ደፋችው። አይናለም ሆዷን ደግፋ ከውስጥ ወጣች።

«እምዬ፣ ምን ነካሽ? ትናንት ያመጣሽው ነው እኮ።»

«ሸተተኝ።»

«ምንም አይሸትም።»

«ሸተተኝ አልሁሽ። ልጁ ይንቀሳቀሳል?»

አይናለም ሳቀች። «ዛሬ አርፏል። ትናንት ነው ሲራገጥ የዋለ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያረፈ?»

«እምዬ፣ አታስፈራሪኝ።»

ሸጋዬ እጇን የልጇ ሆድ ላይ አሳርፋ ቆመች። ምንም የለም። የጀሪካኑ ውሃ ደጃፉ ላይ ወደ መሬት ሲሰርግ ታየዋለች። ከብዙ ቆይታ በኋላ ከእጇ ሥር አንድ ነገር ተላወሰ፤ ትንሽ፣ እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው እንደሚገላበጥ። እንባዋ መጣ፤ ጢስ ነው አለች። ጢስ ግን አልነበረም፤ እሳቱ አልተያያዘም።

ከልጇ ቤት በቀጥታ የሄደችው ወደ ነፍስ አባቷ ወደ ቄስ እጅጉ ነው። ቄሱ ከቤታቸው በስተጀርባ የንብ ቀፎ ይለቀልቁ ነበር። ቆማ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ጋቢውን፣ ጭኗ ላይ ሆኖ ዝም ማለቷን፣ የደፋችውን ጀሪካን። የባምላኩን ነገር ግን አላነሣችውም።

«አባ፣ ብናገር ሰው ምን ይለኛል? ስድስት እርጉዝ ያጠጣሁ እኔ ነኝ። አይናለምስ? ልጁ እንደነዚያ ቢሆን ዓይኔን ታየዋለች?»

ቄስ እጅጉ እጃቸውን በቅጠል ጠረጉ። «ዝም ብትይስ?»

«ዕቃውን ነቅሎ ይወስደዋል።»

«ከዚያስ?»

«ልጄ ለመውለድ ሁለት ወር ይቀራታል። የምትጠጣው ከዋርካ ውሃ ነው።»

«እንግዲህ መንገዱን ራስሽ አወቅሽው።» ቄሱ ቀፎውን አስቀመጡ። «እኔ ልፈታሽ የምችለው ከኃጢአት ነው። ኃጢአት ደግሞ ካለ ዛሬ የዝምታሽ ነው እንጂ የጋቢው አይደለም። ውሃ ውስጥ የገባውን ግን መስቀሌን ነክሬ አላወጣውም። ለቴዎፍሎስ ንገሪው። ሳይሳፈር ድረሽበት።»

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ደረሰች። ረዳቶቹ «ባሕር ዳር! ባሕር ዳር! አንድ ሰው!» ይላሉ። ቴዎፍሎስን ሚኒባስ ውስጥ በመስኮቱ በኩል አየችው፤ ሻንጣውን ታቅፎ ተቀምጧል። ገብታ ከጎኑ ቁጭ አለች። ረዳቱ፣ «እማማ፣ ይሄዳሉ?» አላት። «ቆይ እስቲ» አለችውና ጋቢውን ከጉያዋ አውጥታ ቴዎፍሎስ ጉልበት ላይ አኖረችው። ገና የዝናብ ሽታ ነበረው።

«እማማ ሸጋዬ፣ ምን ሆነው መጡ? ይህ ምንድን ነው?»

«ፀሐዩን የከለከለው።»

አልገባውም። ነገረችው። ስትነግረው የሱን ፊት ላለማየት በመስኮቱ ወደ ውጭ ታይ ነበር፤ እሱም እንደ ልማዱ ወደ ታች። «ለምን ሸፈኑት?» አላት በመጨረሻ፤ በቁጣ አይደለም። ያን ጊዜ ለባሏም፣ ለልጇም፣ ለቄሱም ያልነገረችውን የባምላኩን ነገር፣ ረዳቱ ስለ ወንበር ሲነዘንዛቸው፣ አራት መንገደኛ እየሰማ ነገረችው። ሽታውን ስትነግረው ቴዎፍሎስ ዓይኑን ጨፈነ።

«ከመብረቁ ሰርቀን ያልሁ እኔ ነኝ» አለ። «ብርሃኑንም ለኮሚቴው ነው ያስረዳሁ። ለሚጠብቀው ሰው አልነገርሁም።»

ሚኒባሱ ሞልቶ ሊነሣ ሲል ሁለቱም ወረዱ። መናኸሪያው አጥር ሥር ተቀመጡና ደብተሩን አወጣ። «የትኞቹን ቀኖች እንደ ሸፈኑ ያስታውሳሉ?»

«ለምን አላስታውስ? ከሰኔ ማርያም ወዲህ ዝናብ ሲመጣ ብቻ ነው። የሐምሌ ሥላሴ ቀኑን ሙሉ ብራ ነበር፤ አልሸፈንሁም። ከገብርኤል ወዲህ ሳልሸፍን የዋልሁበት የለም። ፍልሰታን ሙሉ ሸፍኛለሁ። ዮሐንስ ማግሥት ነው የተውሁት፤ ብራ ሆነ።»

ጣቱ ደብተሩ ላይ ወረደ። «ሐምሌ ስምንት የቀዳሁት አለ፤ የሥላሴ ማግሥት» አለ ቀስ ብሎ። «ንጹሕ ነበር። ስሕተት መስሎኝ ሰርዤዋለሁ።» እስኪርቢቶውን አወጣና የሰረዘውን ቁጥር መልሶ ጻፈው። «ይሠራል፣ እማማ። ዕቃው ይሠራል።»

ለሸጋዬ ግን ያ አልነበረም ነገሩ። «ልጄ ምን ጠጣች?»

ቴዎፍሎስ ደብተሩን አጠፈው። «ሳጥኑ ሳይቋረጥ ሲሠራ ነበር። ኦዞኑ ብቻውን ግማሽ ያህሉን ያጠፋል። ሌላው ግማሽ አልፏል።»

«ግማሹ ልጅ ይጎዳል?»

«አላውቅም።»

«ባሕር ዳርም የሚያውቅ የለም?»

«የለም፣ እማማ። ባውቅ እነግርዎ ነበር።»

ዕቃው አልተነቀለም። ኮሚቴው ሲሰማ ጥቂት ሰው አንጎራጎረ። ሀብትነሽ እንኳ ለሁለት ሳምንት ሰላምታ ነሣቻት፤ የሷም ምራት ከበርሜሉ ጠጥታለች። በሦስተኛው ቀን ሸጋዬ ቢሆነኝን ከምንጩ እጅግ ርቆ፣ በእርሻው ዳር፣ ጉድጓድ ሲቆፍር አየችው፤ ፓምፑ ከጎኑ ተቀምጧል። ሊያያት አልፈለገም፤ እሷም መንገዷን ቀየረች።

ጥቅምት በብርሃን መጣ። ከሁሉም የከፋው ቀን ግን ያለፈው በዚያ ወር ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ከደጋው በኩል ሳይታሰብ ደመና ወረደ። ግማሹ ሰማይ ጠቁሮ ሲያጉረመርም ግማሹ ፀሐይ ነበር፤ ጅብ ወለደች የሚባልበት ዓይነት ቀን። ጨረሩ በደመናው ሥር ገብቶ በቀጥታ መስታወቱ ላይ ወደቀ። ሦስቱም ገበታዎች የነደዱ መሰሉ። ከሳጥኑ ያ ሽታ መጣ። ሸጋዬ ጎጆዋ ውስጥ ቆማ ጋቢውን በሁለት እጇ ያዘች። «ሸፍኛት አንቺ» አላት ባምላኩ። ውሃው በመስታወቱ ሥር ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ከዚያ የሚሞላው ጀሪካን የአይናለም ነው። እግሯ አንድ እርምጃ ሄደ። ከዚያ ተመለሰችና ጋቢውን መሬት ላይ ጥላ ተቀመጠችበት፤ እጇ እንዳይደርስበት። ዓይኗን አልጨፈነችም። ነጎድጓዱ ሁለት ጊዜ መጣ፤ ሁለተኛው ጎጆውን አራገፈው። «ባምላኩ፣ ይቅር በለኝ» አለች፤ የመጀመሪያው ጊዜ ይሁን የአሁኑ፣ ለየትኛው እንደሆነ እሷም አላወቀችም። ሲያባራ ልብሷ በላብ ጀርባዋ ላይ ተጣብቆ ነበር።

አይናለም በኅዳር ሚካኤል ማግሥት ጤና ጣቢያ ወለደች። ሸጋዬ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ልጁ ወጣ ሲሉ ሰማች። ከዚያ ዝምታ ሆነ። ያንን ዝምታ ታውቀዋለች፤ ረግረጉ አጠገብ ሰምታዋለች፤ ሁለት ጊዜም ከዚህ በር ወዲህ ሰምታዋለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ ቆጠረች፤ አሥራ አንድ ላይ ደርሳ ነበር፣ ውስጥ ቀጭን፣ የተቆጣ ልቅሶ ሲነሣ። እልል አላለችም። ገብታ የሕፃኗን ጣቶች ቆጠረች። አሥር ነበሩ። እንደገና ቆጠረች። አዋላጇ፣ «እማማ፣ አንድ ሰረቅሁብዎ እንዴ?» አለቻት።

ስሟን ሕሊና አሏት። ሳጥኑ በሁለተኛው ዓመት ተበላሸ፤ ቴዎፍሎስ ተመርቆ ከሄደ በኋላም ሌላ ልኮላቸዋል። ገበታዎቹ አሁንም አሉ። ሕሊና አራት ዓመቷን ስትይዝ አባቷ ከቡሬ ገበያ ትንሽ መስታወት አመጣላት፤ ሸጋዬ ከልክላ አልቻለችም። ሰማይ ሲያጉረመርም ግን ልጅቱ ሳይነገራት መስታወቷን ጨርቅ ታለብሳለች፤ አያቷ አስተምራታለች። የምንጩ አይሸፈንም፤ የቤቱ ይሸፈናል። እንዴት ነው ይህ ያሏት እንደሆነ ሸጋዬ፣ «ያ ሥራ ላይ ነው» ትላለች።

ልጅቱ ደህና ናት ይላሉ። ትሮጣለች፣ ትናገራለች፣ ትሳደባለችም። ሸጋዬ ግን ያ ግማሹ የት እንደ ገባ እስከ ዛሬ ታስባለች። ሕሊና አንድ ቀን ካሳላት ሁለት ሌሊት አትተኛም። ማታ ማታ በሩን ልትዘጋ ስትል ከአጥሩ ወዲያ የምትጫወተውን ልጅ ትጠራታለች። ጠርታ ትቆማለች፤ እጇ በመዝጊያው ላይ እንዳለ፣ በልቧ እየቆጠረች፣ «አቤት» እስክትላት ድረስ።